ደን ከፈለግህ ታቦቱ ዘንድ ሂድ

የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፤ እንዲሁም ገና ሳይነጋ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ተነሥታችሁ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሳተላይት የእኛን መስከረም አያውቅም። ስለ መስከረም ግን ኋላ እመለስበታለሁ፤ አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶኛልና።

የሁለት ጎረቤታም አገሮችን ነገር ልንገራችሁ። አንዱ ደንበጫ አካባቢ ነው፤ የአንጀኒ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በ1984 የተከፈተበት። እዚያ በተደረገ ጥናት የተፈጥሮ ደኑ በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶውን ይዞ ነበር። በ1982 ወደ 2 በመቶ ወረደ። በ1995 የተገኘው 0.3 በመቶ ነው። እርሻው በዚያው ዘመን ከ39 ወደ 77 በመቶ አድጓል። እንዲህ ያለው ቁጥር ያስደነግጣል፤ ማስደንገጥም አለበት።

ሁለተኛው እዚሁ ደጃችሁ ያለው የጨሞጋ ወንዝ ተፋሰስ ነው። ወንዙ ከጮቄ፣ ከአስታው ቁጥቋጦና ከጅባራው መካከል ተነሥቶ፣ በገብሱና በድንቹ፣ ከዚያም በስንዴውና በጤፉ አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። 364 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ተፋሰሱ በ1957፣ በ1982 እና በ1998 የነበረው መልክ ጎን ለጎን ተጠንቷል። ውጤቱስ? የደን ሽፋኑ ጨምሯል። በዓመት በአማካይ 11 ሄክታር ገደማ።

ደጋው ያው ደጋ፣ ሕዝቡ ያው ሕዝብ፣ የመሬት አዋጁም ያው አዋጅ ነው። በአንዱ ደኑ አለቀ፣ በሌላው ጨመረ። ከሁለቱ ጥናቶች አንዱ ዋሽቷል ብላችሁ እንዳታስቡ። ልዩነቱ የተደበቀው «ደን» በምትባለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል ውስጥ ነው። ደንበጫ ላይ የተቆጠረው የተፈጥሮ ደን ነው። ጨሞጋ ላይ የጨመረው ሰው የተከለው ነው፤ በዘመቻ የተተከለው፣ ገበሬውም በየጓሮውና በየድንበሩ ያቆመው፣ አብዛኛው ባሕር ዛፍ።

የእኔ ሥራ ምስል ማንበብ ነው። ሥራውን ስለምወደው ክፉውን ለመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል። ሳተላይት ዛፍ አያይም። የሚያየው ከመሬት ተመልሶ የሚወጣ ብርሃን ነው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይውጠዋል፤ ዓይናችን የማያየውን ከቀይ ወዲያ ያለውን ብርሃን ደግሞ አብዛኛውን መልሶ ይተፋዋል። እኛ የሁለቱን ልዩነት አስልተን «አረንጓዴነት» እንለዋለን። ወይራም ቅጠል አለው፣ ባሕር ዛፍም ቅጠል አለው፣ ጤፍም ቅጠል አለው። ከዚያ በኋላ ያለው ማን ምን እንደሆነ የመለየት ጣጣ ነው።

ላንድሳት የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት የመጀመሪያው በ1972 ሲመጠቅ አንዷ የምስሉ ነጥብ በመሬት ላይ 80 ሜትር በ80 ሜትር ገደማ ነበረች። ኋላ 30 ሜትር ሆነ። ከ2015 ጀምሮ ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በ10 ሜትር ያሳየናል። ትልቁ ለውጥ ግን፣ ለእኔ፣ የላንድሳት ምስሎች በ2008 ለማንም ሰው በነጻ የተለቀቁ ጊዜ የመጣው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ሁሉ የአገሩን ሃምሳ ዓመት መመርመር ይችላል። ትዕግሥት ያልኩት በምክንያት ነው። የላንድሳት 7 መሣሪያ በ2003 ከተበላሸ በኋላ ይልካቸው የነበሩት ምስሎች ዳርና ዳራቸው እንደ ተተለተለ ጨርቅ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ምስል አምስተኛው ያህል አልነበረም። ቀዳዳውን በሌላ ቀን ምስል የደፈነ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ መስከረም ልመለስ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ተፋሰስ ላይ ስሠራ የመጀመሪያውን ዘመን የካቲት ላይ ከተነሣ ምስል ወሰድኩ። ለሁለተኛው ዘመን ከደመና የጸዳ ሆኖ ያገኘሁት የመስከረም መጨረሻውን ብቻ ነበርና እሱን ያዝኩ። ደኑ በአሥር ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆነ! ደስ አለኝ። ሪፖርቱን አሳምሬ ጻፍኩ፤ ካርታውንም በትልቁ አሳተምኩ። ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት የልማት ሠራተኛ ካርታው ፊት ቆሞ ቆየና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ይህ ደን ያሉት የእኔ ቀበሌ የጤፍ ማሳ ነው» አለኝ። ደግነቱ ጮክ ብሎ አልተናገረም። በመስከረም ጤፉም፣ ኑጉም፣ ሳሩም፣ ዛፉም ያው አረንጓዴ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ግን አዝመራው ገብቶ፣ ሳሩ ደርቆ፣ መስኖ ከሌለ በቀር አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ዛፍ ነው። እኔ ወር የተባለ ነገር መኖሩን ረስቼ ነበር፤ ያ ልጅ ግን አልረሳም።

ሌላም አለ፤ እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ በሉልኝ። «ካርታዬ 85 በመቶ ትክክል ነው» ሲባል እናጨበጭባለን። ለውጥ ለመለካት ግን ሁለት ካርታ ያስፈልጋል። የአንዱ ስሕተት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ 85 በመቶው በ85 በመቶ ይባዛና 72 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከመቶ ነጥብ 28ቱ ቢያንስ በአንደኛው ካርታ ላይ ተሳስቷል ማለት ነው። በተፋሰሱ ላይ በእውነት የተለወጠው ከመቶ አምስት ቢሆንስ? ስሕተቱ ለውጡን ውጦት ቁጭ ይላል። ይህን ሳይናገሩ «ደኑ በ4.37 በመቶ ቀንሷል» ብሎ እስከ ሁለተኛው አሃዝ መጻፍ እኔ በበኩሌ እንደ ድፍረት ነው የማየው።

አንድ ቀን ጂፒኤስ ይዤ ካርታዬ ደን ወዳለበት ነጥብ ሄድኩ። ስደርስ ቀጥ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ሳር እንኳ የለም፤ የረገፈው ቅጠል ብቻ ከእግሬ ሥር ይንኳኳል። ከዳር አንድ ሽማግሌ አጣና ይቆጥራሉ። «አባቴ፣ ይህ ደን ነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። «ይህማ የልጄ የኮሌጅ ወጪ ነው። ደን ከፈለግህ ታቦቱ ዘንድ ሂድ» ብለው በጣታቸው ኮረብታውን አሳዩኝ። ሄድኩ። ከቅጥሩ ውስጥ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፤ ከላይ ጉሬዛ፤ ከሥር እጅ ሲያስገቡበት የሚቀዘቅዝ ጥቁር አፈር። ያ ደን አምስት ሄክታር ቢሆን ነው። አምስት ሄክታር በ30 ሜትሩ ላንድሳት 55 ነጥብ ነው፤ በ1972ቱ ሳተላይት ደግሞ ስምንት። ከስምንቱ ዳር ዳሩን ያሉት ከማሳው ጋር ተደባልቀው ሲቀሩ ለአገሩ የቀረው ደን በሙሉ በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ ላይ ይንጠለጠላል።

መንግሥትም ትርጉም አለው። አገራችን በ2015 የያዘችው ትርጉም ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የዛፍ ጥላ ይላል፤ ቀድሞ ቁመቱ 5 ሜትር፣ ጥላው 10 በመቶ ነበር። ለውጡ ምክንያት ነበረው፤ የቆላው ደን አጭር ነው። ነገር ግን አንድ ችግኝ ሳይተከል፣ አንድ ዛፍም ሳይቆረጥ የአገሪቱ የደን ቁጥር ሊለወጥ እንደሚችል አስቡት። በሽማግሌው አጣና ላይም በኮሶው ላይም የሚጻፈው ስም አንድ ነው። «ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን 40 በመቶው ደን ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገርማ ስንት ሪፖርት ላይ አንብበነዋል! በ1900 አገሪቱን ከላይ አይቶ የለካ ማንም የለም። ከአየር ሰፋ ብለው የተነሡት ቀደምት ፎቶግራፎቻችን የኢጣሊያ ጦር በ1930ዎቹ ያነሣቸው ናቸው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከማለዳ አላስነሣችሁም ነበር። ከ1960 እስከ 1999 በተያዘው ልኬት የጨሞጋ የበጋ ፍሰት ቀንሷል። ደኑ ጨመረ በተባለበት በዚያው ዘመን ማለት ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ዝናቡም ትንሽ ቀንሷል፣ ግጦሹ ተረግጦ ደንድኗል፣ ዳገቱ ታርሷል፣ ባሕር ዛፉም ምንጭ ራስ ላይ ሳይቀር ቆሟል። በካርታው ብቻ የሚያምን ሰው ግን «ደን ከጨመረ ውኃው ወዴት ሄደ?» ብሎ ሲደናገር ይኖራል። እዚህ ያላችሁ እናቶች መልሱን ታውቁታላችሁ፤ እንስራውን የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። እኔ ባሕር ዛፍ ይነቀል የምል ሰው አይደለሁም። የዚያን ሽማግሌ ልጅ ማን ሊያስተምርለት ነው? የምለው በየስሙ ይጻፍ ነው። በተፋሰሱ ካርታ ላይ የተፈጥሮ ደን ለብቻው፣ ባሕር ዛፍ ለብቻው፣ አስታው ለብቻው ይቀለም። የምስሉ ወር ከዓመቱ ጎን ይጻፍ። የስሕተቱም መጠን ከቁጥሩ ጎን ይቀመጥ፤ ባያምርም ይቀመጥ።

ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ከጨሞጋ ድልድይ እንነሣለን። ካርታችን ደን ያላቸውን 30 ነጥቦች መርጠናል፤ እያንዳንዱ ላይ ደርሰን፣ ዛፉን በስሙ ጠርተን፣ ከሥሩ ያለውን አፈርም አይተን እንመዘግባለን። ከባለሙያው ጋር አንድ አንድ የአካባቢው ሰው ይጣመራል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሁለቱም ቃል ይጻፋል። የመጨረሻዎቹ ስድስት ነጥቦች ከአስታው ክልል ስለሆኑ መኪናው አይደርስም። የጥር ብርድ ጮቄ ላይ ክፉ ነው፤ ጋቢ ያለው ጋቢውን ይያዝ። አመሰግናለሁ።