ዶፋር በሌሊት፦ የዓረብ በረሃ እንስሳትን ለማየት ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

[ምስል፦ የደቡብ ኦማን ካርታ፤ ሰላላ፣ ቱምራይት፣ ሺስር]

በዓረብ ምድር ሌሊት የሚወጡ አጥቢ እንስሳትን ማየት ለሚፈልግ ሰው የምንመርጥለት ደቡብ ኦማንን፣ ዶፋርን ነው። የዶፋር ዋና ከተማ ሰላላ ላይ አርፎ ሁለት ዓይነት አገር ማየት ይቻላል! ባሕሩን የሚያየው የተራራው ፊት ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ጉም ለብሶ ይለመልማል፤ ሸለምጥማጥና ባለ ነጭ ጅራቱ ፋሮ እዚያ አሉ። ሁለቱም ኢትዮጵያ ውስጥም ይኖራሉ። ተራራውን ተሻግራችሁ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን፣ ቱምራይት ስትደርሱ ግን ጠጠርና አሸዋ ነው። የሩፔል ቀበሮ፣ የአሸዋ ድመትና በኋላ እግሯ እየዘለለች የምትሄደው ጀርቦአ የሚገኙት ከዚያ ወዲያ ነው።

ነብር ለማየት ብላችሁ አትነሱ። የጀበል ሰምሃን ተራራ ነብር ለተመራማሪዎች ካሜራም ብርቅ ነው።

[ምስል፦ የጨረቃ ዑደት]

ከሁሉ በፊት ቀን ቁረጡ። ጨረቃ ስትደምቅ ጀርቦአና የበረሃ አይጦች ጉጉትና ቀበሮ ስለሚፈሩ ከጉድጓዳቸው ብዙም አይርቁም። ጨለማውን ምሽት ለማወቅ የአገሬውን የሂጅራ አቆጣጠር ተመልከቱ፤ ወሩ ከጨረቃ ጋር ስለሚወለድ 14 እና 15 ሙሉ ጨረቃ ነው። ተስማሚው ጊዜ ከ22 እስከ ቀጣዩ ወር 4 ነው። በወሩ መጨረሻ ጨረቃ የምትወጣው አምሽታ ስለሆነ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ፈልጉ። በመባቻው ደግሞ ቀጭኗ ጨረቃ እስክትጠልቅ እራታችሁን ብሉ።

ወቅቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ይሁን። ሄጅሆግን፣ ያችን ስትፈራ ድብልብል የምትለዋን እሾሃም እንስሳ፣ የሚፈልግ ግን ጥርን ይተው፤ በብርድ ጊዜ ትተኛለች።

[ምስል፦ አሸዋ ላይ ያሉ ዱካዎች]

ሜዳው ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ሌሊቱን በከንቱ ይዞራል። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተራርቆ የሚያርፍ ዱካ የጀርቦአ ነው። የቀበሮ ዱካ ጥፍር ያሳያል፣ የድመት አያሳይም። የአሸዋ ድመት ደግሞ መርገጫዋ በፀጉር የተሸፈነ ስለሆነ ዱካዋ ድብዝዝ ይላል። ዱካ የበዛበትን ቦታ ጂፒኤስ ላይ መዝግቡና ሲጨልም ተመለሱ። በሺስር አቅጣጫ ያሉ በመስኖ የሚለሙ እርሻዎች ዳርቻም ጥንቸልና ቀበሮ ይስባል፤ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ ግን አትግቡ።

[ምስል፦ በጨለማ የሚያበሩ ዓይኖች]

ባትሪውን ግንባራችሁ ላይ እሰሩት። የእንስሳው ዓይን ብርሃኑን የሚመልሰው ወደመጣበት ነው፤ ከወገባችሁ በታች ይዛችሁት ብታበሩ ነጸብራቁ እናንተ ዓይን ጋ አይደርስም። ከ300 እስከ 500 ሉመን (የብርሃን መለኪያ) ይበቃል። ከፍ ብሎ ዝም ያለ ዓይን ብዙውን ጊዜ ግመል ነው። እንደ ጤዛ መሬት ላይ የሚብለጨለጩት ጥቃቅኖች ሸረሪቶች ናቸው፣ አትድከሙ። መሬት ለመሬት ሄዶ፣ ቆሞ፣ ዞር ብሎ የሚያያችሁ ጥንድ ዓይን ሲገኝ ወደ ቀይ ብርሃን ቀይሩና ባሉበት ቁሙ። የአሸዋ ድመት መብራት ሲያርፍባት ዓይኗን ጨፍና መሬት ላይ ትለጠፋለች፤ ነጸብራቁ ድንገት ከጠፋ ሄደች ብላችሁ አትደምድሙ፣ ቦታውን በ8 በ42 ባይኖክላር (ስምንት እጥፍ በሚያቀርብ የሩቅ ማያ መነጽር) ቀስ ብላችሁ ፈትሹ።

ሙቀት የሚያሳይ መነጽር ትልቅ ጥቅም አለው፤ ግን ገና ሲመሽ ድንጋዩ የቀን ሙቀቱን ስላልለቀቀ ሁሉም ነገር ያበራል። ዋጋውን የሚያወጣው ሌሊቱ ሲገፋ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ኤምባሲውን ጠይቁ፤ ጉምሩክ እንደ ወታደራዊ ዕቃ ሊቆጥረው ይችላል።

[ምስል፦ ጎማ ሲተነፍስ]

መኪናው ፎር ዊል ይሁን፣ ቢቻል ሁለት። የኪራይ ኢንሹራንስ ከአስፋልት ውጪ የሚደርስ ጉዳትን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፤ ውሉን አንብቡ። ለስላሳ አሸዋ ላይ ጎማውን ከ15 እስከ 18 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አስተንፍሱ። ከ12 በታች ከወረደ ስትታጠፉ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ጠጠራማው ሜዳ ላይ ደግሞ የላላ ጎማ ጎኑ በድንጋይ ይቀደዳል፣ ስለዚህ ወደ 25 መልሱት። ኮምፕሬሰር፣ አካፋ፣ ሁለት ስኮርታ፣ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ውኃ ያዙ። ጎሚስታ እዚያ የለም፣ ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም። ነጭ ጨው የጋገረበትን ሜዳ፣ ሰብኻን፣ መኪና የሄደበት ዱካ ላይ ካልሆነ አትርገጡት፤ ከቅርፊቱ ሥር ጭቃ ነው፣ ጎማ ማስተንፈስም አያወጣችሁም።

ሌሊት ስትፈልጉ ከ15 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ። ስትራመዱ ቡት አድርጉ፤ እፉኝቱም ጊንጡም የሚወጡት በዚያው ሰዓት ነው። ድንኳን ዋዲ (ደረቅ የወንዝ መውረጃ) ውስጥ አትትከሉ፣ ዝናቡ ሩቅ ዘንቦ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። ፓስፖርት ከእጃችሁ አይለይ፤ ወደ የመን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ አለ።

አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ጎማውን ሙሉ፤ እንደላላ በፍጥነት ከተነዳ ግሎ ይፈነዳል። ከቱምራይት ወደ ሰላላ መመለሱን ደግሞ ለንጋት አቆዩት፤ በጨለማ አስፋልቱ ላይ የሚቆሙት ግመሎች እግራቸው ረጅም ስለሆነ ሲገጩ ሰውነታቸው የሚወድቀው በቀጥታ የፊት መስታወቱ ላይ ነው።