ነገርሻቸው?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከውጭ የሣር ማጨጃ ድምፅ ከሰማችሁ ጎረቤቴ ነው፣ እኔ ማይክ ስከፍት ጠብቆ ነው የሚነሳው። ብዙዎቻችሁ «ያን የቺካጎውን ጉድ አውሪን እንጂ» ስትሉኝ ከረማችሁ። እሺ፣ ላውራው።

ነገሩ የ2024ቱ የዴሞክራቶች ብሔራዊ ጉባኤ ነው። ከኦገስት 19 እስከ 22፣ ቺካጎ፣ ዩናይትድ ሴንተር፣ ያው የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ቡልስ የሚጫወትበት አዳራሽ። ከቨርጂኒያ ከሄዱት ዴሊጌቶች አንዷ ነበርኩ። ዴሊጌት ማለት የፓርቲውን የፕሬዚዳንት ዕጩ የሚመርጥ ተወካይ ነው፤ ሰው ግን ሲሰማ በመንግሥት ወጪ ሽር ብትን ያልኩ ይመስለዋል። ኧረ በፍጹም! አውሮፕላኑም ሆቴሉም ከኪስ ነው። ሆቴሉንም እንደ አቅምሽ አትመርጪም፣ ለየስቴቱ የተመደበ አለ፣ ዋጋው ወገብ ይቆርጣል። እኔን ያወጣኝ ዕቁብ ነው። ዕጣዬ ሐምሌ ላይ ባይደርሰኝ ኖሮ እንደናንተው ሶፋ ላይ ሆኜ ነበር የማየው።

ግን ከቺካጎ አልጀምርም። የሚጀምረው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ውስጥ ነው።

ለመመረጥ በኮንግረስ ዲስትሪክታችን ስብሰባ ላይ መወዳደር ነበረብኝ። ለዚያ ሰው ያስፈልጋል፣ ሰው ደግሞ ያለው ቡና ቤት ነው። ታክሲ ነጂዎቹ፣ ጡረተኞቹ፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጡት ነርሶች። ወረቀቴን ይዤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስዞር አንድ አዛውንት፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ጋሼ ብቻ እንበላቸው፣ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «የማን ተወካይ ነው የምትሆኚው?» አሉኝ።

«የባይደን።»

«ያ አጎአን የነጠቀን ሰውዬ?»

ምን ልበል? እውነታቸውን ነው። ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2022 ከአጎአ፣ ማለትም ዕቃዋን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከምታስገባበት ዕድል፣ ተሰረዘች። ምክንያቱ በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመው የሰብአዊ መብት ጥሰት ነው ተባለ፤ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ልጆች ግን ሥራቸውን አጡ። ጦርነቱ እኮ እዚህ እኛንም ከፋፍሎናል፣ እስከ ዛሬ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቡና የማይጠጡ ሰዎች አሉ፣ ስለዚህ ይህን ስናገር ግማሾቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ሲመረጥ ስንት የኛ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ዴሞክራት የነበረ፣ በባይደን ተናዶ ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን እንደቀሰቀሰ ታስታውሳላችሁ። ጋሼም አንዱ ናቸው።

አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ጋሼ፣ እኔ ውስጥ ገብቼ ካልነገርኳቸው ማን ይነግራቸዋል?»

ትኩር ብለው አዩኝ። «ትነግሪያቸዋለሽ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

በቀጠሮው ቀን ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ። አለፍኩ። በጥቂት ድምፅ ነው ያለፍኩት፣ ሦስቱ ባይመጡ ምን ይውጠኝ እንደነበር እንጃ።

ከዚያ እሑድ ጁላይ 21 መጣ። ከቅዳሴ ተመልሰን ቡና ላይ ነን፣ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ባይደን ከውድድሩ ወጣ። እማዬ ፊቴን አይታ «ማን ሞተ?» አለች። ለሷ ስልክ እንደዚያ የሚጮኸው ለመርዶ ነው።

እንግዲህ እኔ የተመረጥኩት በሰውየው ስም ነው፣ ሰውየው ደግሞ የለም። የፓርቲው ደንብ ተወካይ የመረጡትን ሰዎች ስሜት በንጹሕ ሕሊና ያንጸባርቅ ነው የሚለው። እሺ፣ የማንን ስሜት? የጋሼን? ጋሼ ባይደንንም አይወዱት! ደወልኩላቸው። «አንቺ የመሰለሽን አድርጊ። ያቺን ነገር ብቻ እንዳትረሺ» አሉኝ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ድምፄን የሰጠሁት ቺካጎ አይደለም፣ ኩሽና ውስጥ ነው። ኦሃዮ የዕጩ ስም የምትቀበልበት ቀን ኦገስት 7 ስለነበር ፓርቲው ከጉባኤው በፊት በኢንተርኔት ድምፅ ለማሰጠት ወስኖ ነበር፣ ኦሃዮ በኋላ ቀኑን ብታራዝምም ዕቅዱ አልተቀየረም። ዕጩ ለመሆን የ300 ተወካዮች ፊርማ ያስፈልጋል፣ ያሟላችው ካማላ ሃሪስ ብቻ ናት። ላፕቶፔ ጠረጴዛው ላይ፣ እማዬ ከፊቴ ምስር እየለቀመች፣ ኢሜይሉን ከፈትኩ። ወይ ሃሪስን መምረጥ ነው፣ ወይ «ተገኝቻለሁ» ብሎ ማለፍ። ነካሁት። ሁለት ደቂቃም አልፈጀ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ታዲያ ቺካጎ ምን ልትሠሪ ነው?»

ውጤቱ ሲነገር ደግሞ 99 ከመቶ ሆነ። እማዬ በሳቅ ፈረሰች። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» በኛ አቆጣጠር የ2002ቱን የኢትዮጵያ ምርጫ ማለቷ ነው፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን የወሰዱበትን። ይሄ የአንድ ፓርቲ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ የአገሩ ምርጫ ገና ኖቬምበር ላይ ነው እያልኩ ላስረዳት ሞከርኩ። ትክክል ነኝ እኮ። ግን እያስረዳሁ ድምፄ ከፍ ከፍ ሲል ለራሴም ይታወቀኛል።

ቺካጎ የደረስኩት በፍልሰታ ነው። ጠዋት ጠዋት ሆቴሉ ውስጥ የስቴታችን ቁርስ አለ፣ እንቁላሉ፣ ቤከኑ፣ ቅቤው። የዕለቱ መግቢያ ባጅ የሚታደለው እዚያ ስለሆነ መቅረት የለም። እኔ ጥቁር ቡናና ሐብሐብ ይዤ እቀመጣለሁ፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ በየቀኑ «ዳይት ላይ ነሽ?» ትለኛለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾሙንማ ተውኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰልፍ ላይ ነበር የምወድቀው። ለአውቶቡስ ሰልፍ፣ ለፍተሻ ሰልፍ፣ ለሽንት ቤት ሰልፍ።

ሰኞ ባይደን መድረክ ላይ ሲወጣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። ሰው «ቴንክ ዩ ጆ» እያለ ንግግሩን አላስጀምረው አለ። እኔም እጮሃለሁ። እንባዬ መጣ። እንባዬን እየጠረግሁ የጋሼ ሲኒ ድቅን አለብኝ፣ ቅድም የጮህኩት ለማን እንደሆነ ግራ ገባኝ፣ ግን መጮሄን አላቆምኩም።

ማክሰኞ የስቴቶች ስም ጥሪ ነበር። ዲጄ ቆሞ ለየስቴቱ ሙዚቃ ይለቃል፣ ጆርጂያ ስትደርስ ራፐሩ ሊል ጆን ራሱ እየጮኸ ገባ። ድምፅ አሰጣጡ ከሁለት ሳምንት በፊት አልቋል፣ እኛ ግን ወገባችን እስኪንቀጠቀጥ ጨፈርን። ሠርግ ነዋ! ተክሊሉ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል፣ ማታ አዳራሽ ውስጥ የቀረው ጭፈራው ነው። ለእማዬ ያኔ ይህን መመለስ ነበረብኝ።

ሌላው ሥራችን መፈክር የተጻፈበት ካርቶን ከፍ አድርጎ ማንሳት ነው። ደማቅ ሰደርያ የለበሱ ልጆች ያድሉናል፣ ይህን አንሱ፣ አውርዱ፣ ያንን አንሱ። ረቡዕ «ኮች ዋልዝ» የሚል ረጅም ቀጭን ጽሑፍ ሰጡን። የሃሪስ ምክትል እንዲሆን የታጨው ዋልዝ መምህርና የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ ነበር፣ የድሮ ተጫዋቾቹ መለያቸውን ለብሰው መድረክ ወጡ፣ ልጁ ጋስ እያለቀሰ ወደ አባቱ ሲጠቁም አጠገቤ የተቀመጠው ግዙፍ ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ።

በዚያው ቀን ጠዋት ነው ቃሌን የፈጸምኩት፣ ፈጸምኩ ከተባለ። ማኮርሚክ ፕሌስ፣ የቀን ስብሰባዎቹ ያሉበት ሕንፃ ኮሪደር ላይ አንድ የኮንግረስ አባል አየሁ፣ ከሌላ ስቴት ነው። ቡናዬን መሬት አስቀምጬ ተከተልኩት። አጎአ፣ ሐዋሳ፣ ከሥራ የተፈናቀሉት ልጆች፣ በአንድ ትንፋሽ። አርባ ሰከንድ ቢሆን ነው። «ጥሩ ነጥብ ነው» አለኝና ሄደ፣ ረዳቱ ካርድ ሰጠኝ። ስመለስ ቡናዬ የለም።

ሐሙስ ወደ አዳራሹ ስንሄድ ከውጭ አስፋልቱ ላይ የተቀመጡ ተወካዮች ነበሩ፣ በጋዛ ጦርነት ተቆጥቶ ለማንም ያልወገነ መራጭ የላካቸው። አንድ ፍልስጤማዊ አሜሪካዊ መድረክ ላይ ይናገር ብለው ተከለከሉ፣ እዚያው አደሩ። ባጄ አንገቴ ላይ፣ አለፍኳቸው። እነሱ ማን እንደላካቸው ጥርት አድርገው ያውቃሉ። ቀናሁባቸው መሰለኝ።

ያን ቀን ነሐሴ 16 ነው፣ ጾም ተፈትቷል። ኤጅዋተር ሰፈር ካሉት የሐበሻ ቤቶች ዶሮ ወጥ እበላለሁ ብዬ ስመኝ ሰንብቼ ፍልሰታን የፈታሁት በሆት ዶግ ነው፣ የበሬ ነው ብለውኝ። ቢዮንሴ ትመጣለች ሲባል አመሸን፣ ፊኛ ወረደልን።

አዲስ ዓመት ባለፈ በሳምንቱ ቡና ቤት ገባሁ። ጋሼ የተለመደው ቦታቸው ላይ ናቸው። ሰላምታም ሳይጨርሱ «ነገርሻቸው?»

ነገርኳቸው አልኩ። ለማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለኝ፣ ለረዳቱ ሁለት ጊዜ ኢሜይል ጽፌ መልስ እንዳጣሁ፣ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር አወራኋቸው።

«ካርዱ አለሽ?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ካርዱን ከስኳሩ ዕቃ ጋር አስደግፈው አቆሙት፣ ስልካቸውን አወጡና ቁጥሩን በአንድ ጣታቸው መንካት ጀመሩ።