አለቃው ሰኞ ካልመጣስ?

እንደምን ዋላችሁ? ዛሬ የማወራው ደስ አይልም። ሥራ አስኪያጁ ድንገት ቢታመም፣ ቢሞት ወይም በአንድ ደብዳቤ ቢነሳ መሥሪያ ቤቱ ምን ይሆናል? ይህን ስጠይቅ «ምን ያሟርትብናል?» የሚል አይጠፋም። ይሁን፣ ላሟርት።

ማክዶናልድስ አዲስ አበባ ባይገባም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 2004 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጂም ካንታሉፖ ለኩባንያው ትልቅ ስብሰባ ኦርላንዶ በሄደበት በልብ ድካም ሞተ። ቦርዱ በሰዓታት ውስጥ ቻርሊ ቤልን ሾመ። ቤል በ15 ዓመቱ ሲድኒ ውስጥ በአንድ ቅርንጫፍ ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። ብዙም ሳይቆይ እሱም ካንሰር ተገኘበት። በኖቬምበር ለቀቀ፣ ጂም ስኪነር ተተካ፣ ቤል በጃንዋሪ 2005 አረፈ። አስቡት፣ አንድ ዓመት ሳይሞላ ሦስት አለቃ! ስኪነር ግን እስከ 2012 ድረስ መራው፣ ኩባንያውም አልፈረሰም። ለምን? ከምክትሉ ጀርባ ሌላ የተዘጋጀ ሰው ነበራ።

እኛ ጋ ደግሞ ምኒልክ ሲታመሙ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1901 ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ፣ ራስ ተሰማ ናደውን እንደራሴ አደረጉ። ራስ ተሰማ በ1903 ሞቱ። በእሳቸው ቦታ ሌላ እንደራሴ አልተተካም፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩት ኢያሱ ያንን ሁሉ መኳንንት ብቻቸውን ተጋፈጡ፤ መስከረም 1909 ላይም ከሥልጣን ወረዱ። ሌላ ብዙ ምክንያት አለ፣ የታሪክ ሰዎች እንዳትቆጡኝ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእንደራሴው ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ አለመታሰቡ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። «እኔ ከሌለሁ ምንም አይንቀሳቀስም» ብሎ የሚኩራራ አለቃ ሞልቷል። ቼኩን እሱ ይፈርማል፣ ፓስወርዱ እሱ ጋ ነው፣ ትልልቆቹ ደንበኞች የሚደውሉት በእሱ ስልክ ነው። ወንበሩን ያስጠበቀ ይመስለዋል፣ በእኔ እይታ ግን ራሱን ነው ያሰረው፤ ምክንያቱም የሚተካው ሰው ስለሌለ ፈቃድ አይወጣም፣ አይማርም፣ ዕድገት ሲመጣም «እሱን ከዚያ ካነሳነው ማን ይይዘዋል?» ተብሎ ይታለፋል።

«ለባለቤቴ ውክልና ሰጥቻለሁ» የምትሉ ባለ ድርጅቶችም አላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። በጣም በሚያስፈልግበት ቀን ማለት ነው! ጠበቃችሁን ጠይቁ።

ድርጅቱ ተርፎ እናንተ የምትወድቁበት ጊዜም አለ። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲታገድ ሥራቸውን በደንብ የሚሠሩ የፕሮጀክት ኃላፊዎች ጭምር ከደመወዝ ወጡ። ያኔ ማዕረግ አያበላም። የሙያ ፈቃዱን ያሳደሰ፣ ከቀድሞ ባልደረቦቹ ጋር ደህና ጊዜም ቢሆን ሲደዋወል የቆየ፣ የጥቂት ወር ወጪ ያስቀመጠ ሰው ቢያንስ ተረጋግቶ ማሰብ ይችላል። የአለቃ ጡንቻ ያለው ወንበሩ ላይ ብቻ ከሆነ አደጋ ነው።

ከሻይ በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት እናድላለን። ነገ ብትቀሩ ማን እንደሚፈርም፣ ማን ደንበኛ እንደሚያነጋግር ጻፉ። ከዚያ ያ ሰውም ቢቀር ማን እንደሚተካ ጻፉ። ሁለተኛው ላይ ስም ያጣችሁ ከፊት ተቀመጡ፣ ሥራችንን ከእናንተ እንጀምራለን። አመሰግናለሁ።