ባሩ ከመነሳቱ በፊት ያለችው ደቂቃ

(ምስል፦ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለ ጂም፤ ማለዳ)

ትናንት 120 ኪሎ ስኳት (የክብደቱን ዘንግ፣ ማለትም ባሩን፣ ትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብሎ መነሳት) ሠርታችኋል። ዛሬ ጓደኞች ከበው ያያሉ፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ያው 120 ኪሎ ታች ይቀራል። ጡንቻ በአንድ ሌሊት አይሟሽሽም። ታዲያ ምን ተፈጠረ?

ዛሬ የምናወራው ስለ ፓወርሊፍቲንግ ነው፤ በተለይ ስለ ጭንቅላቱ ሥራ።

ኦሊምፒክ ላይ የምናየው ክብደት ማንሳት ሌላ ነው። ፓወርሊፍቲንግ ስኳት፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ባሩን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) እና ዴድሊፍት (ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ አለ፤ ከየሦስቱ ትልቁ ይደመራል። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ነጭ መብራት ካበሩ ሙከራው ይቆጠራል። ባሩ ዝግጁ ነው ተብሎ ስማችሁ ሲጠራ፣ ለመጀመር ያላችሁ 1 ደቂቃ ብቻ ነው። ብዙ ውድድር የሚበላሸው በዚህች ደቂቃ ነው።

አሜሪካዊው ጀድ ቢያሲዮቶ ይህን ከሁለቱም ወገን ያውቀዋል። በ60 ኪሎ ምድብ ከ270 ኪሎ በላይ ስኳት ሠርቷል፤ ከክብደቱ 4 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሙያው ደግሞ የስፖርት ሳይኮሎጂ ነው።

ጭንቅላት ኪሎ ይጨምራል? አዎ። በ1961 እ.ኤ.አ. ኢካይና ስታይንሃውስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን በሙሉ ኃይላቸው እንዲስቡ አደረጉ። ሰዎቹ እየሳቡ ሲጮኹ ጉልበታቸው ጨመረ። «ሙሉ ኃይሌ» ያሉት ሙሉ አልነበረም፤ አእምሮ የተወሰነውን ይዞት ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለ12 ሳምንት በሐሳብ ብቻ የሠሩ ሰዎችን ለካ። የትንሿ ጣት ጉልበት 35 በመቶ፣ የክርን 13.5 በመቶ ጨመረ። ያደገው ከአእምሮ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ትእዛዝ ነው። ይህ ማለት ግን አልጋ ላይ ተኝቶ ዴድሊፍት ይወጣል ማለት አይደለም! ልምምዱ ላይ የሚጨመር ነው።

(ምስል፦ ባሩ ላይ የሚያርፉ እጆች፣ በቅርብ)

አሠራሩን እንይ። ወደ ባሩ ስትሄዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሂዱ። ባሩ ላይ ያለውን ልሙጥ ቀለበት በጣት ፈልጉ፣ ያዙ፣ ከሥሩ ግቡ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። አየር ወደ ሆድ ሳቡ፣ ሆድ ይጠንክር፣ ዓይን አንድ ቦታ ይረፍ። 60 ኪሎም ይሁን 160፣ ቅደም ተከተሉ አይቀየር። ማታ ቤት ስትሆኑ ይህንኑ በሐሳብ ሥሩት። ራሳችሁን በቪዲዮ እንደምታዩ ሳይሆን ከውስጥ ሆናችሁ፤ ባሩ ትከሻ ላይ ሲከብድ፣ መሀል ላይ ቀጥ ሲልና ስትገፉት ይሰማችሁ።

ጩኸት ጥሩ ነው ብሎ ሁሌ መጋል ግን አያዋጣም። ዴድሊፍት ላይ ለብዙዎች ይሠራል። ቤንች ላይ ባሩ ደረት ላይ ቆሞ የዳኛውን ትእዛዝ መጠበቅ አለበት፤ የጋለ ሰው ቀድሞ ይገፋና ቀይ ይበራበታል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው መረጋጋትን ነው።

የመጀመሪያ ሙከራችሁ ደግሞ፣ በመጥፎ ቀን እንኳ ሦስቴ የምትደግሙት ኪሎ ይሁን። ሙከራው ከከሸፈ በሚቀጥለው ከዚያ ኪሎ በታች መውረድ አይቻልም። ሦስቱም ስኳት ከከሸፈ ከድምር ውድድሩ ትወጣላችሁ።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ዲስኩ ከሲሚንቶ የተሠራ ጂም ውስጥም ቢሆን፣ ከባድ ስኳት ስትሠሩ ግራና ቀኝ ሰው ይቁም። «ብወድቅስ?» የሚለው ሐሳብ ካለ ወገብ ሳይታወቃችሁ ይሰስታል። የሚይዝ ሰው ካለ ሐሳባችሁ በሙሉ ባሩ ላይ ይሆናል።