ከአባት የተወረሰ አደራ፦ ስለ ሊያም ኮስግሬቭ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

በ2017 በ97 ዓመታቸው ስላረፉት የቀድሞው የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊያም ኮስግሬቭ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባታቸው ዊልያም ኮስግሬቭ በብሪታንያ አገዛዝ ላይ በተነሣው የ1916ቱ የፋሲካ አመፅ ተካፍለው ሞት የተፈረደባቸው፣ ቅጣቱም ወደ እስራት ተለውጦላቸው የተረፉ ሰው ነበሩ። በ1922 አዲሱን የአየርላንድ መንግሥት መምራት ጀመሩ። በጃንዋሪ 1923፣ ከብሪታንያ ጋር በተደረገው ስምምነት ሳቢያ የተነሣው የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ የቤተሰቡ መኖሪያ በተቃዋሚ ታጣቂዎች ተቃጠለ፤ በ1920 የተወለዱት ሊያም ያኔ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። እኚሁ አባት በ1932 በምርጫ ሲሸነፉ፣ በዚያ ጦርነት ከተቃራኒው ወገን ለቆሙት ለኤሞን ደ ቫሌራ ሥልጣኑን በሰላም አስረከቡ። የልጁን የፖለቲካ ሕይወት የምረዳው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ሊያም በ1943፣ አባታቸው ገና ከአየርላንድ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሳይወጡ፣ በ23 ዓመታቸው ተመረጡ፤ በ1981 ሲሰናበቱ ደግሞ የገዛ ልጃቸው ወደዚያው ምክር ቤት ገባ። አየርላንድ በ1955 የተባበሩት መንግሥታት አባል ስትሆን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እሳቸው ነበሩ፤ ከ1965 ጀምሮም የፊን ጌል ፓርቲን መሩ።

ከሁሉ አስበልጬ የማነሣው ሜይ 5 ቀን 1970ን ነው። የገዢው ፓርቲ ሚኒስትሮች ለሰሜን አየርላንድ የጦር መሣሪያ በድብቅ ለማስገባት በተደረገ ሙከራ እጃቸው እንዳለበት የሚገልጽ መረጃ ለኮስግሬቭ ደርሷቸው ነበር። እንዲህ ያለ መረጃ ለተቃዋሚ መሪ ትልቅ ጉልበት ነው፤ እሳቸው ግን በዚያ ምሽት ወደ ተቀናቃኛቸው፣ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃክ ሊንች ሄደው ነገሯቸው። ሊንችም በማግሥቱ ቻርልስ ሆሂንና ኒል ብሌኒን ከሚኒስትርነት አነሡ። በኋላ በብሌኒ ላይ የቀረበው ክስ ለሙሉ ችሎት ሳይደርስ ውድቅ መደረጉን፣ ሆሂም በፍርድ ቤት ነጻ መውጣታቸውን አብሮ መናገር ተገቢ ነው።

በ1973 ከሌበር ፓርቲ ጋር ተጣምረው መንግሥት መሠረቱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በእንግሊዝ በምትገኘው በሰኒንግዴል፣ የሰሜን አየርላንድ ማኅበረሰቦች ሥልጣን የሚጋሩበትን ስምምነት ከብሪታንያ ጋር ፈረሙ፤ ነገር ግን በሜይ 1974 ሰሜን አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር ያላትን አንድነት የሚደግፉ ሠራተኞች በመቱት የሥራ ማቆም አድማ ፈረሰ።

ስለማከብራቸው ጉድለታቸውን አልሸሽግም። በጁላይ 1974 መንግሥታቸው የወሊድ መቆጣጠሪያን ሽያጭ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ ሲያቀርብ፣ ጽኑ ካቶሊክ የነበሩት ኮስግሬቭ ባልደረቦቻቸውን ሳያስጠነቅቁ ተቃውመው ድምፅ ሰጡ፤ ረቂቁም ወደቀ። ለሕሊናቸው መታመናቸውን እረዳለሁ፤ ዝምታቸው ግን አምነው ለተከተሏቸው ሚኒስትሮች ፍትሐዊ አልነበረም። በ1976 የመከላከያ ሚኒስትራቸው የአገሪቱን ርእሰ ብሔር ፕሬዚዳንት ኦ ዳሊን በአደባባይ በዘለፉ ጊዜም ሚኒስትሩን ከቦታቸው አላነሡም፤ ፕሬዚዳንቱ የሥልጣናቸውን ክብር ለመጠበቅ ራሳቸው ለቀቁ። ይህን ከሁሉ የከፋ ስሕተታቸው አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

በ1977 ተሸነፉ፤ የፓርቲውንም መሪነት ወዲያው ተዉ። እንደ አባታቸው ሥልጣኑን በሰላም ያስረከቡት ለጃክ ሊንች፣ ከሰባት ዓመት በፊት በዚያ ምሽት መረጃውን ይዘው ለሄዱላቸው ሰው ነበር።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።