ስትሰጡ ጠባዩንም ንገሩ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዘንድሮው የችግኝ መለዋወጫ ቀን አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ የመክፈቻ ንግግር አድርጊ ብለውኛል። ስለ አትክልት እንክብካቤ በጠቅላላው ይሁን፣ አጭርም ይሁን ብለውኛል። እሺ ብዬ ስለ ውኃ፣ ስለ ኮምፖስትና ስለ ቅርንጫፍ መግረዝ ጥቂት ጥቂት ጽፌ ነበር። ትናንት ጠረጴዛዎቹን ስናስተካክል ግን ቀድመው የደረሱትን ችግኞች አየኋቸው። ናና። ናና። አሁንም ናና። ጥግ ላይ ደግሞ በቆርቆሮ የተተከለ ቀርከሃ። አንዱም ላይ አንዲት ቃል አልተጻፈም። ስለዚህ የውኃው ነገር ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ የምናገረው ስለሚወርሩ ተክሎች ነው። እንዲሁም ዝም ብለው ስለሚሰጡ ሰዎች።

እዚህ የተሰበሰብን ሰዎች አንድ ጠባይ አለን። ተክል መጣል አንችልም። ስናሳሳ የነቀልነውን እንኳ ለሰው ነው የምንሰጠው። እስቲ አስቡት፣ ለመስጠት የሚተርፈን የትኛው ነው? በስንት ልመና የበቀለውን፣ በዓመት አንድ ቅጠል የሚያወጣውን ማን ይሰጣል! የሚተርፈን እኛኑ መቀመጫ ያሳጣን ነው። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ በብዛት የሚቀርበው ከሁሉ የባሰው ወራሪ ነው።

የጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ስሟን እስካልጠራሁ ድረስ እንዳወራው ፈቅዳልኛለች። አንድ ወዳጇ ቀርከሃ ሰጣት። ቀጫጭን፣ ምስኪን የሚመስሉ ግንዶች ነበሩ። «ቶሎ ያድጋል፣ አጥርሽን ይከልልልሻል» አላት። ተከለችው። መጀመሪያ ላይ ምንም አላደረገም። እሷም ሊደርቅብኝ ነው እያለች ውኃ ትጨምርለታለች። እሱ ግን ሥራ አልፈታም ነበር። ከላይ የተኛ መስሎ፣ ከአፈር በታች ግንዱን ወደ ጎን ይዘረጋ ነበር። የሚሮጠው የቀርከሃ ዓይነት እንዲህ ነው። ባለበት ተጠቅጥቆ የሚበቅል ሌላ ዓይነት አለ፣ እሱ ጨዋ ነው።

ከዚያ ዝናቡ ሲገባ የእኔ ካሮት መደብ ላይ ሹል ቡቃያ ብቅ አለ። ቆረጥኩት። ጎኑ ላይ ሌላ መጣ። ቀጥሎ በድንጋይ ንጣፉ ስንጥቅ መካከል። ቀጥሎ በጓሮ በር ሥር። ጎረቤት ነንና በትሕትና ጠየቅኳት። «የኔ እኮ እዚያ ማዶ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የምታየው እዚያ ማዶ ነበር። ትንሽ ተኮራረፍን። ሰላምታችን ራስ መነቅነቅ ብቻ ሆነች። በመጨረሻ ዶማና መጋዝ ይዘን አብረን ቆፈርን። አጥሩ ሥር ስንደርስ ነገሩ ገባን። አውራ ጣት የሚያህል፣ አንጓ አንጓ ያለው ግንድ ከእሷ ግቢ ተነስቶ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ እኔ አልፏል። በየአንጓው ቡቃያ ተዘጋጅቷል። እሷ እዚያው ቁጭ ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ኩርፊያውም በዚያው አበቃ።

ያላበቃልኝ ሌላው ነው። ሰጪውን ሰው አገኘሁትና ጠየቅኩት። «እኔንም አላስቀምጥ ሲለኝ እኮ ነው ነቅዬ የሰጠኋት» አለኝ። እየሳቀ! «ታዲያ ለምን አልነገርካትም?» ስለው ምን አለ መሰላችሁ? «ከነገርኳት ትወስደዋለች?»

ውሻ ስትሰጡ «ይናከሳል» ብላችሁ ትሰጡ የለም እንዴ? ጠባዩ ሲነገር ማንም የማይወስደው ነገር ቆሻሻ ነው። ቆሻሻ ደግሞ ሰው ግቢ አይወረወርም! በሪቫንም አይታሰርም! ሻጮቹም ቢሆኑ ከዚህ አይሻሉም። «እንክብካቤ አይፈልግም፣ የትም ይበቅላል» ይላሉ። እኔ ይህን ስሰማ እጄን ከቦርሳዬ አወጣለሁ።

ታሪኩም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጃፓኒዝ ኖትዊድ የሚባለውን ወራሪ ተክል በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ ያመጣው ፊሊፕ ፎን ሲቦልት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ኔዘርላንድ ውስጥ ኡትሬክት ከተማ ላይ ተክሉ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። በ1850 ለንደን፣ ኪው የሚገኘው የዕፅዋት ቦታ ደረሰ። ከዚያ ከአትክልተኛ ወደ አትክልተኛ ሄደ። ብሪታንያ ውስጥ ያለው ሁሉ የአንድ ሴቴ ተክል ቁራጭ ነው ማለት ይቻላል። ወንዴው የለምና በገዛ ዘሩ አልተዛመተም። በስጦታ፣ በአፈር ጭነት፣ በወንዝ ዳር በተጣለ ቁራጭ ነው የሄደው። በ1981 ሕግ ወጥቶ በዱር መትከሉ ወንጀል ሆነ። ከሜዳሊያ እስከ ወንጀል 134 ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ «ይህ ነገር ይወርራል» ብሎ ለወዳጁ የነገረ ስንት ሰው ይኖር ይሆን? እምቦጭም እኮ በሐምራዊ አበባው ተወዶ ከደቡብ አሜሪካ የወጣ የኩሬ ጌጥ ነበር።

«ታዲያ እኛ ግቢ የገባውን ምን እናድርገው?» የምትሉ አላችሁ። ባጭሩ ልበል፣ ሰዓቱም ሄዷል።

ናናን መሬት ላይ አትልቀቁት። በማሰሮ ይሁን፣ ማሰሮውም አፈር ላይ አይቀመጥ፣ በውኃ መውረጃው ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። የሚሮጥ ቀርከሃ ካላችሁ ከ60 እስከ 75 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ግድግዳ ቅበሩለት፣ ጫፉም ከአፈር በላይ ይታይ። ቀብሬዋለሁ ብላችሁ አትተኙ፣ በየዓመቱ ዙሪያውን አይታችሁ የዘለለውን ቁረጡ።

ሰርዶን በዶማ አትከትክቱት። እያንዳንዱ አንጓ አዲስ ሰርዶ ነው፣ ከትክታችሁ ታባዙታላችሁ። በጣም በሚሞቀው ወቅት አጠጥታችሁ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ለአንድ ወር ተኩል ያህል ሸፍኑት፣ በእጅጉ ይዳከማል። በጥልቁ የተረፈው ይመለሳል፣ ያኔ እየተከታተላችሁ ንቀሉ። የወፍ ቆሎን ፍሬ ሳይዝ ግረዙት፣ ወፍ ከበላው በኋላ የት እንደሚያደርሰው አናውቅም። የነቀላችሁትን ሥር ደግሞ እርጥቡን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ። ሲሚንቶ ላይ አስጡት፣ እስኪሰበር ይድረቅ። አጥር ማዶ የሚወረውር ሰው ካለ ግን ከእሱ ጋር ሌላ ጨዋታ አለን።

አሁን ወደ ሥራ። ከዛሬ ጀምሮ ያለ ካርድ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ችግኝ የለም። ኮሚቴው ትናንት ማታ ተስማምቶበታል፣ ሁለት አባላት አጉረምርመዋል፣ ያጉረምርሙ። ካርዱና እስክሪብቶው በሩ አጠገብ ነው። ሦስት ነገር ጻፉበት፦ ስሙን፣ በምን እንደሚዛመት፣ እናንተን አስቸግሯችሁ እንደሆነ። ሦስተኛዋን የምትዘልሉ ሰዎች አውቃችኋለሁ። የተክሉን ስም የማታውቁ ከኋላ ያሉትን አስተባባሪዎች ጠይቁ። ካርዱን የጨረሰ ወደ ጠረጴዛው ይለፍ። መለዋወጡ ተጀምሯል።