ለዓይን የሚገዛ ፕሩፍ፣ ለትርፍ የሚገዛ ፕሩፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሳንቲም ወዳጆች፣

ዘመናዊ ፕሩፍ ሳንቲም የሚሰበሰበው ለደስታ ነው ወይስ ለትርፍ? ለሁለቱም ይቻላል። በአንድ ሳንቲም ላይ ሁለቱ አብረው የሚገኙት ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት የትኛውን እየገዛችሁ እንደሆነ ለራሳችሁ ቁርጡን ንገሩት።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው። ፕሩፍ የአሠራር ስም ነው እንጂ የጥራት ደረጃ አይደለም፤ የተበላሸ ፕሩፍም ፕሩፍ ነው። ለመገበያያ የሚወጣው ሳንቲም በፍጥነት እየተመታ ከማሽኑ ይረግፋል። ፕሩፍ ግን በተወለወለ ክብ ብረት ላይ፣ በተወለወለ የማተሚያ ቅርጽ፣ በከፍተኛ ግፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመታል። የሚደጋገመው ብረቱ እስከ ቅርጹ ጥግ ገብቶ የፀጉር ዘለላውና የፊደሉ ጠርዝ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ነው። ሜዳው፣ ማለትም ምስል የሌለበት ልሙጡ ክፍል፣ መስታወት ይሆናል። የምስሉ ክፍል በማተሚያው ላይ ሆን ተብሎ ስለሚሻከር አመዳይ የነካው ይመስላል። ሰብሳቢዎች ካሜኦ የሚሉት ይህን ንፅፅር ነው።

ድሮ ሻካራነቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ጠንካራ ካሜኦ የሚገኘው መጀመሪያ በተመቱት ጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነበር። ዛሬ በሌዘር ይሠራል፤ ስለዚህ ካሜኦ የሌለው አዲስ ፕሩፍ ማግኘት ነው የሚያስቸግረው። ለተመልካች ደስ ይላል። ለሻጭ ግን ችግር ነው፤ ሁሉም ካማረ ውበት ዋጋ አይጨምርም።

ወደ ሒሳቡ እንሂድ። በአንድ የብር ፕሩፍ ዋጋ ውስጥ የብረቱ ዋጋ፣ የሥራውና የማሸጊያው ክፍያ፣ በተጨማሪም «ነገ ይወደዳል» የሚለው ተስፋ አሉ። የመጀመሪያውን ማንም ማስላት ይችላል፦ ክብደቱን በንጥረቱ አባዙ፣ ለ31.1035 ግራም፣ ማለትም ለአንድ ትሮይ አውንስ አካፍሉ፣ ከዚያ በዕለቱ የብር ዋጋ አባዙ። የእንግሊዝ 5 ፓውንድ የብር ፕሩፍ 28.28 ግራም ይመዝናል፤ ንጥረቱ 0.925 ነው። ስለዚህ ንጹሑ ብር 26.16 ግራም፣ 0.841 አውንስ ገደማ ይሆናል። የቀረው ክፍያ ለውበቱና ለተስፋው ነው። ውበቱን ዓይናችሁ ይበላዋል፤ በዚያ ምንም ኪሳራ የለም። ተስፋው ግን ገዢ ካላገኘ ይተናል።

በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለውን ልዩነትም አትርሱ። በ100 የገዛችሁትን ነጋዴ በ70 የሚቀበላችሁ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ብቻ ለማስመለስ ገበያው 43 በመቶ ገደማ መውጣት አለበት። የብር ዋጋ ይወጣል ብሎ የሚያምን ሰው ፕሩፍ ሳይሆን ተራውን የኢንቨስትመንት ሳንቲም ወይም የብር ጡብ ይግዛ፤ ለአንድ አውንስ የሚከፍለው ጭማሪ በብዙ ያንሳል።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የሸጠችው የፕሩፍ ስብስብ፣ ማለትም የዓመቱ ሳንቲሞች በአንድ ማሸጊያ፣ 3,857,479 ነበር፤ የአንዱ ዋጋ 11 ዶላር። ብር የለበትም፤ የገዙትም ሰዎች በጥንቃቄ ስላስቀመጡት አልጠፋም። ከ40 ዓመት በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ከ11 ዶላር በታች ነው የሚሸጠው፤ የገንዘብ ግሽበትን ሳንቆጥር ማለት ነው። የ1999 የብር ስብስብ ደግሞ በ31.95 ዶላር ወጣ። የአሜሪካን ክፍላተ ሀገር የሚዘክሩት ኳርተሮች (የ25 ሳንቲም ገንዘቦች) የጀመሩበት ዓመት ስለነበር አዲስ ሰብሳቢ ሁሉ ፈለገው፤ ዋጋውም ጥቂት መቶ ዶላር ደረሰ። ግለቱ ሲበርድ ከግማሽ በታች ወረደ። በመጀመሪያው ዋጋ የገዛ አተረፈ፤ በጫፉ ላይ የገዛው ግን ዛሬም እየጠበቀ ነው።

በተቃራኒው በ1995 በአሜሪካ የዌስት ፖይንት ሳንቲም ማተሚያ የተመታው የብር ኢግል፣ ማለትም የአሜሪካ የአንድ አውንስ ብር ሳንቲም፣ ፕሩፍ አለ፤ 30,125 ብቻ ነው። ለብቻው አልተሸጠም፤ 999 ዶላር ከሚያወጣ የወርቅ ስብስብ ጋር ነበር የቀረበው። ብር ብቻ የሚሰበስቡት ሰዎች ተናደው ተዉት፤ ቁጥሩም በዚያው ቀረ። ዛሬ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ምክንያቱ ማነሱ ብቻ አይደለም። ከ1986 ጀምሮ በየዓመቱ የወጣውን ተከታታይ በአልበም የሚሞላ ሁሉ ያ አንድ ቀዳዳ ይቀርበታል። ለማንም ተከታታይ የማይጠቅም፣ በቀለም ያጌጠ፣ «1,000 ብቻ የታተመ» የሚል ወረቀት የያዘ ሳንቲምም አንሶ ይገኛል፤ ግን 1,000 ፈላጊ የለውም። ማስታወቂያ ላይ «ውስን እትም» የሚለውን ስታነቡ የስንቱ ሰው አልበም እንደሚፈልገው ጠይቁ።

ስለ ደረጃ ምዘና አጭር ነገር። የሳንቲሙ ይዞታ መለኪያ ከ1 እስከ 70 ነው፤ ታዋቂዎቹ መዛኝ ድርጅቶች ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ሥራ ጀመሩ። ለዘመናዊ ፕሩፍ 69 ተራ ውጤት ነው። በ69ና በ70 መካከል ያለውን ልዩነት በባዶ ዓይን የሚለይ ሰው ብርቅ ነው፤ የዋጋው ልዩነት ግን ይታያል። 70 ያገኙት ሳንቲሞች ቁጥር ደግሞ ሰው ባስመዘነ ቁጥር እያደገ ይሄዳል። «በመጀመሪያው ቀን የወጣ» የሚለው መለያ የወረቀቱ ነው፤ ሳንቲሙን አይለውጠውም።

አሁን ሁለቱንም ወገን የሚመለከተው ነገር፣ አያያዝ። ጣት የነካው መስታወት ሜዳ አሻራውን ይይዛል፤ ከቆየ ብረቱን ይበላዋል። ጠርዙን ብቻ ያዙ፣ ከታች ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ፣ ሳንቲሙ ላይ አታውሩ፤ የምራቅ ጠብታ ጥቁር ነጥብ ትቶ ይቀራል። ለማየት ካፕሱሉን፣ ማለትም ሳንቲሙ ያለበትን ግልጽ መያዣ፣ መክፈት አያስፈልግም፦ አንድ መብራት ብቻ አብርታችሁ ሳንቲሙን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት፤ ጭረትም ሆነ ጭጋግ ያኔ ይወጣል።

ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ለስላሳ ኪስ ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ያወጣል። ካርቶን፣ ላስቲክና አንዳንድ እንጨት ድኝ ስላለባቸው ብርን ያጠቁራሉ። በልኩ የተሠራ የአክሪሊክ ካፕሱል፣ ደረቅና ሙቀቱ የማይዋዥቅ ቦታ፣ አጠገቡም እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ይበቃል። ጄሉ ሲሞላ ካልቀየራችሁት ግን ጥቅም የለውም።

የፒቪሲ ዝቃጭ ካያችሁ ንጹሕ አሴቶን መፍትሔ ነው፤ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይሆንም። አየር በሚገባበት፣ እሳት በሌለበት ቦታ፣ በመስታወት ዕቃ ንከሩት፤ ፕላስቲክ ይቀልጣል። አትሹት። በሌላ ንጹሕ አሴቶን አለቅልቁና በራሱ ይድረቅ። በብር ላይ የሚወጣውን የወተት ጠብታ የመሰለ ነጭ ነጥብ ግን አሴቶን አያነሳውም፤ መጥረግ ደግሞ ነጥቡን ትቶ ጭረት ይጨምራል። በጨርቅ የተወለወለ ፕሩፍ የሰብሳቢ ዋጋው ወደ ብረቱ ዋጋ ይወርዳል።

ለትርፍ የሚገዛ ሰው አዲስ እትም በወጣ ማግስት አይሯሯጥ። የጓጉት ሲሰለቹ ብዙዎቹ እንደገና ገበያ ይወጣሉ። የሚጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ይመልከት፤ ማንም 500 ብሎ መለጠፍ ይችላል። ሣጥኑንና የምስክር ወረቀቱን ያስቀምጥ፤ ያለእነሱ ገዢ ይቀንሳል። ከማያውቀው ሰው ከገዛ ይመዝን፣ ይለካ፦ የብር ኢግል 31.1 ግራም፣ 40.6 ሚሊ ሜትር ነው። ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው፤ ካልሳበው ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፣ መዳብንም አይስበውም።

ለደስታ የምትሰበስቡ ደግሞ የዓመቱን በጀት ለሌላ መዝናኛ እንደምታወጡት ቁጠሩት፤ የማይመለስ ብላችሁ። ሁለቱን ዓይነት በተለያየ መዝገብ ያዙ፦ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋው፣ ሻጩ፣ ለማስመዘን የወጣው። መዝገቡን ከሳንቲሞቹ ለይታችሁ አኑሩ፤ የት እንዳለም አንድ የቤተሰብ ሰው ይወቅ። ወራሾች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ስብስቡን በጅምላ ሲሸጡ ነው፤ አንዷ ውድ ሳንቲም ከሃምሳ ርካሾች ጋር በኪሎ ትሄዳለች።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ሳንቲም ይዛችሁ የመጣችሁም ካላችሁ፣ ከካፕሱሉ ሳታወጡ ወደ ፊት አምጡት።